የገባ ወንዝና የመራጩ ቃል

ከበደሌ ወደ መቱ የሚወስደው መንገድ ያዮ ሲደርስ የሚያገኘው ደን የዓለም የቡና ዘር ጎተራ ነው። አረቢካ ቡና እዚያ ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። በሽታንና ድርቅን የሚቋቋም ዝርያ የሚፈልጉ ተመራማሪዎችም ዓይናቸውን የሚጥሉት እንዲህ ባለው ደን ላይ ነው። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ ያዮን ከከፋ ጋር በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዘገበው። 167 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሆነው ይህ ክልል የማይነካ እምብርት፣ በዙሪያው መካለያ፣ ከዚያም ውጭ ሰው የሚያርስበትና የሚኖርበት የሽግግር ቀጠና አለው። ስለ ደኑና ስለ ቡናው ብዙ ተጽፏል። ደኑ ስለሚጠብቀው ውሃ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ገባ ወንዝ ይህን ደን ሰንጥቆ ያልፋል፣ በመቱ በኩል የሚመጣው ሶርም ይቀላቀለዋል። ገባና ብርብር ሲገናኙ ባሮ ይሆናሉ። ባሮ ጋምቤላን አጠጥቶ ድንበር ይሻገርና በሶባት በኩል ነጭ ዓባይ ይገባል። ስለዚህ ያዮ ላይ ውሃ ውስጥ የተጣለ ነገር የያዮ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ይህን ውሃ የሚጠብቅ ሕግ አለ። ችግሩ ሕጉን የሚያወጣው፣ የሚያሻሽለውና አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው ምክር ቤት ስለ ውሃው የሚሰማው ባብዛኛው ከአስፈጻሚው አካል ሪፖርት መሆኑ ነው። ያዮ ያለበት የኢሉባቦር ነዋሪ ፕሮጀክት ገና በወረቀት ላይ ሳለ የመረጠውን ሰው ፈልጎ ካላነጋገረና በጽሑፍ ካልጠየቀ በቀር የትኛውም አዋጅ ወንዙን አያድንም። የያዮ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል።

ከደኑ ሥር የድንጋይ ከሰል አለ። ከሰሉን አውጥቶ ዩሪያ ማዳበሪያ የማምረት ሐሳብ ለዓመታት ሲጠና ቆይቶ በ2004 ዓ.ም. ግድም ግንባታው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ ለሚባለው፣ ተሰጠ። እያንዳንዳቸው በዓመት 300 ሺህ ቶን ዩሪያ የሚያመርቱ ሁለት ፋብሪካዎችና በከሰል የሚሠራ 90 ሜጋ ዋት የኃይል ማመንጫ ታቅደው ነበር። ዓለም አቀፍ ጥብቅ ክልል ተብሎ ከተመዘገበ ሁለት ዓመት ገደማ ባለፈው አካባቢ ማለት ነው። የከሰል ማዕድን ለውሃ የሚያሰጋው በቁፋሮው ብቻ አይደለም። ከከሰሉ ጋር የሚገኘው ድኝ ያዘለ ማዕድን አየርና ዝናብ ሲያገኘው አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱ ደግሞ ብረትንና ሌሎች ከባድ ማዕድናትን ከድንጋዩ እያሟሟ ወደ ጅረት ያወርዳል። ጉድጓዱ ተዘግቶ ሠራተኛው ከተበተነ በኋላም ይህ ለአሥርት ዓመታት ሊቀጥል ይችላል። ዝናብ በሚበዛበት በኢሉባቦር ደግሞ አሲዱን የሚያጥበው ውሃ አይጠፋም። በዚህ ላይ የከሰሉ እጣቢ፣ የማመንጫው አመድና የፋብሪካው ፍሳሽ አሉ።

ፕሮጀክቱ ተጓተተ፣ ቢሊዮኖች ፈሰሱበት፣ በመጨረሻም ከሜቴክ ጋር የነበረው ውል ተቋረጠ። ፋብሪካውም ታስቦ በነበረበት ጊዜ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ሳያወጣ ቀረ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ሥራውን ያጓተተው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ አልነበረም፤ የአፈጻጸም ድክመት ነው። ምክር ቤቱና ሕዝቡም አጥብቀው የተከራከሩበት ስለ ባከነው ገንዘብና ስለ ጊዜው እንጂ ስለ ገባ ወንዝ አልነበረም። ወንዙ እስካሁን ከከሰል አሲድ ከተረፈ የተረፈው በአጋጣሚ ነው። በአጋጣሚ የተረፈ ነገር ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ለመትረፉ ዋስትና የለውም። መንግሥት ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከውጭ የሚገባውን ከሰል በአገር ውስጥ ምርት ለመተካት ብዙ ፈቃድ በሰጠባቸው በእነዚህ ዓመታት፣ ከሰል ያለበት መሬት ሁሉ ፈላጊው በዝቷል።

ታዲያ ዜጋው ምን በእጁ አለ? ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹህና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። አንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡ እንዲጠየቅ፣ አንቀጽ 30 አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ አንቀጽ 92 በአካባቢ ጉዳይ ሙሉ ምክክር እንዲደረግለት ይደነግጋሉ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ግምገማው ሳይጸድቅ ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ እንዳይጀመር ይከለክላል፣ የጥናቱ ሪፖርትም ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። በዚያው ዓመት የወጣው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ማለት ሳይጠበቅበት በበካዩ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በብዙ አገር ሕግ የማይገኝ ሰፊ በር ነው።

በሩ ሰፊ ቢሆንም የገባበት ሰው ብዙ ርቆ አልሄደም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ አንድ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የአቃቂና የሞጆ ወንዞችን መበከል ይዞ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሷል። ፍርድ ቤቶቹ ክሱን አልተቀበሉትም። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ግዴታውን ባለመወጣቱ በሕግ የሚጠየቅበት መንገድ ጠባብ ሆኖ ከተገኘ ያንን መንገድ የሚያሰፋው ዳኛ አይደለም፤ ሕግ አውጪው ነው። በአንቀጽ 55 መሠረት ከአንድ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ወይም ድንበር የሚሻገሩ ወንዞችን አጠቃቀም የሚመለከት ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ገባ በባሮ በኩል ከኦሮሚያ ወደ ጋምቤላ፣ ከዚያም ከኢትዮጵያ ውጭ ይወርዳል። ጉዳዩ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ተናግሯል።

አቤቱታ የት መድረስ እንዳለበት የሚያሳይ በቅርብ ያለ ምሳሌ የጎደሬ ደን ነው። በ2002 እና በ2003 ዓ.ም. ግድም በጋምቤላ ክልል በመዠንገር አካባቢ 3,012 ሄክታር መሬት ቨርዳንታ ሃርቨስትስ ለተባለ ኩባንያ ለሻይ ልማት ሊሰጥ መሆኑን የሰሙ ነዋሪዎች ተወካይ ልከው አዲስ አበባ ድረስ አቤት አሉ። አቤቱታው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዘንድ ደረሰ። ለም ኢትዮጵያ በተባለው የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር የሚታወቁት ፕሬዚዳንት ጉዳዩን ተቀብለው እንዲታይ ጻፉ፤ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንም ደኑ መነካት የለበትም የሚል አቋም ያዘ። መሬቱ ግን ለኩባንያው ተሰጠ። ከዚህ ተነስቶ አቤቱታ ከንቱ ነው ማለት ስህተት ይመስለኛል። ጎደሬዎች የጎደላቸው ድፍረት አልነበረም፣ ትክክለኛ ክርክርም አልነበረም። ጉዳያቸውን ያዳመጡት ርዕሰ ብሔር የርኅራኄ ልብ ነበራቸው፤ ሕገ መንግሥቱ ግን ውሳኔ የማስቀየር ሥልጣን አልሰጣቸውም። ሚኒስትርን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ያለው ምክር ቤቱ ነው። አካባቢው በ2009 ዓ.ም. የመዠንገር ደን ባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ በዩኔስኮ መመዝገቡ የነዋሪዎቹን ሐሳብ ትክክለኛነት ይመሰክራል።

ሰው ቀድሞ ካልተሰማ ምን እንደሚመጣ ደግሞ የለገደምቢ የወርቅ ማዕድን አሳይቶናል። የሚድሮክ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ ለተጨማሪ 10 ዓመት መታደሱ በ2010 ዓ.ም. ሲሰማ፣ ከማዕድኑ የሚወጣ ኬሚካል ሰውንና ከብትን ጎዳ የሚሉ የሻኪሶና የአካባቢው ነዋሪዎች አደባባይ ወጡ። የማዕድን ሚኒስቴርም ፈቃዱን አገደ። ነዋሪው ተሰማ፤ ግን የተሰማው ከሁለት አሥርት ዓመት ምርት በኋላ፣ በተቃውሞና በሥጋት መካከል ነው። ያ ፈቃድ ከመታደሱ በፊት ግልጽ ምክክር ቢደረግ ኖሮ ለነዋሪውም፣ ለሠራተኛውም፣ ለኩባንያውም ይቀል ነበር።

አገር ማዳበሪያ ትፈልጋለች የሚለው ክርክር በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። በክረምት መግቢያ ዩሪያ የዘገየበት ገበሬ ስለ ባዮስፌር ቢነግሩት ጆሮ ባይሰጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ማዳበሪያን ከቡና ደን ሥር ብቻ ማውጣት ግድ አይደለም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር የተፈራረመው ስምምነት በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ በሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ ከተፈጥሮ ጋዝ ለማምረት ነው። የያዮ እቅድ ሁለቱ ፋብሪካዎች ተደምረው 600 ሺህ ቶን ነበሩ። አማራጭ የሚመዘነው ግን ጠያቂ ሲኖር ነው፤ ግምገማ የሚባለውም ይኸው ነው። ጥብቅ ሕግ ባለሀብትን ያሸሻል የሚሉም የተጽዕኖ ግምገማ አዋጁን የጊዜ ገደብ ቢያዩ መልካም ነው። ግምገማውን የሚመረምረው አካል ውሳኔውን በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲሰጥ ታዟል።

ተመራጩ ፓርቲውን እንጂ መራጩን አይሰማም የሚለው ቅሬታ እውነትነት አለው። ለረጅም ጊዜ ምክር ቤቱ ከአስፈጻሚው የመጣለትን ረቂቅ ያለ ብዙ ክርክር ሲያጸድቅ አይተናል። ቢሆንም አንቀጽ 54 ተመራጩ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዢ ነው ይላል፣ አመኔታ ያጣበት መራጭም ሊያወርደው እንደሚችል ይደነግጋል። ቋሚ ኮሚቴዎች ረቂቅ ሕግ ሲመራላቸው የአስተያየት መድረክ ያዘጋጃሉ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራትን ከመብት ሥራ አርቋቸው ነበር፤ በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን እገዳ አንስቶ ሲቪል ማኅበራት ሕግና ፖሊሲ እንዲሻሻል መጎትጎት እንዲችሉ አድርጓል። ያዮና መቱ ላይ እድር፣ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ዩኒቨርሲቲም አለ። እነዚህ በአንድ ደብዳቤ ላይ ቢፈርሙ ያንን ደብዳቤ ሳያነቡ ማለፍ ቀላል አይሆንም።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ከራሳችን የሚነሳው ነው። የኢሉባቦርን ጅረቶች ከዓመት ዓመት የሚበክለው ከሰሉ ሳይሆን ቡናው ነው። እሸት ቡና ሲፈለፈልና ሲታጠብ የሚወጣው ስኳር የበዛበት እጣቢ ወንዝ ውስጥ ሲብላላ በውሃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣው ይሞታል፣ ውሃው ይሸታል፣ ከታች ያለው መንደር ከብቱን የሚያጠጣበት ያጣል። ረግረጉም በቆሎ ለመዝራት እየተቆፈረ ይደርቃል፤ ውሃን አቁሮ በበጋ ቀስ እያለ ለምንጮች የሚያካፍለው ደግሞ ይኸው ረግረግ ነው። ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ ተሟግቶ ስለ ማጠቢያ ጣቢያው ዝም የሚል አቤቱታ ምክር ቤት ሲደርስ ወዲያው ይወድቃል። ስለዚህ ጥያቄው ሁለቱንም ይዞ መሄድ አለበት፦ በባዮስፌሩ እምብርትና መካለያ የማዕድን ፈቃድ እንዳይሰጥ በሕግ ይደንገግ፤ ማጠቢያ ጣቢያዎችንም ከመከልከል ይልቅ የእጣቢ ማቆያ ጉድጓድ እንዲኖራቸው ብድርና ባለሙያ ይመደብላቸው። የመጀመሪያው የአዋጅ፣ ሁለተኛው የበጀት ጉዳይ ነው፤ ሁለቱም የሚወሰኑት በምክር ቤት ነው።

ጊዜውም ይታሰብበት። ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። የዓመቱ በጀት የሚጸድቀው በመዝጊያው ግድም ስለሆነ ያኔ የደረሰ ደብዳቤ ለበጀቱ ዘግይቷል። የቋሚ ኮሚቴ የመስክ ጉብኝትም በነሐሴ ቢደረግ ጎርፉ ሁሉን ጠርጎ ንጹህ የሚመስል ወንዝ ያሳያል። ኮሚቴው መጋበዝ ያለበት በኅዳር ነው፤ መፈልፈያዎቹ በሚሠሩበት፣ ጅረቱ በሚያንስበት፣ እጣቢው በሚታይበትና በሚሸትበት ወር።