ብሌኑ ሲነጣ

ሕፃናትን የሚመረምሩ የዓይን ሐኪሞች ከእናቶች አፍ ደጋግመው የሚሰሙት ነገር አለ፤ «ማታ መብራት ሲያርፍበት ዓይኑ እንደ ድመት ዓይን ያበራል»። ቀን ቀን አይታይም፤ ጎረቤት ተጠርታ ብትመጣም አታየውም። ሐኪም ዘንድ እስክትደርስ እናትየዋ ራሷ ያየችውን መጠራጠር ትጀምራለች። ብሌኑ በጠብታ ሰፍቶ ሲመረመር ግን ብዙ ጊዜ እውነቷን ሆኖ ይገኛል።

እንዲህ ብሌንን ከሚያነጡት ምክንያቶች ሁሉ የሚከፋው ሬቲኖብላስቶማ ይባላል። ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የኋለኛ ክፍል፣ በሬቲና ላይ የሚነሳ ካንሰር ሲሆን በአብዛኛው አምስት ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት ይይዛል። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ስምንት ሺህ ያህል ሕፃናት እንደሚያዙበት ይገመታል። ስለ ጡትና ስለ ማኅፀን በር ካንሰር በሚገባ የሚያውቅ ሰው እንኳ የዚህን ስም ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። ጅምሩ ላይ ሕመም የለውም፤ ልጁ ይጠባል፣ ይጫወታል፣ ኪሎ ይጨምራል። ነጭ ብሌን ሁሉ ካንሰር ነው ማለትም አይደለም፤ የሕፃናት የዓይን ሞራም ብሌን ያነጣል። ሞራውም ቢሆን ከዘገየ ዕይታን ስለሚያሳጣ በሁለቱም በኩል መቸኮል ይገባል።

ሌላው ምልክት ሸውራራነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሕፃን ዓይን አልፎ አልፎ ቢንሸዋረር የተለመደ ነው፤ ከአራት ወር በኋላ ከቀጠለ ግን «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው ማጽናኛ ውድ ጊዜ ይበላል።

በእጅ ስልክ ፍላሽ የተነሳ ፎቶም ይረዳል። ልጁ ፊት ለፊት እያየ ሲነሳ አንዱ ብሌን ቀይ፣ ሌላው ነጭ ሆኖ ከወጣ ፎቶውን ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የፎቶው አንግል ብቻ ነጭ ሊያስመስል ስለሚችል የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ምርመራው ነው።

ጊዜ ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት በግልጽ አሳይቷል። ጥናቱ በ153 አገሮች የሚገኙ ከ4,300 በላይ ታማሚዎችን አካትቷል። በሀብታም አገሮች በሽታው የሚታወቀው ልጁ 14 ወር ገደማ ሲሆነው ነው፤ በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ደግሞ 30 ወር ካለፈው በኋላ። በመጀመሪያዎቹ ካንሰሩ ከዓይን ወጥቶ የተገኘባቸው ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም፤ በኋለኞቹ ግን ግማሽ ያህሉ ናቸው። በሽታው ያው ነው፤ የሚለየው የተደረሰበት ጊዜ ነው። ዓይን ውስጥ ሳለ ከተደረሰበት ከሚድኑት የሕፃናት ካንሰሮች አንዱ ነው።

በጊዜ ሲገኝ በመድኃኒት፣ በሌዘር ወይም በማቀዝቀዝ ዓይኑን ማትረፍ የሚቻልበት ዕድል አለ። ካንሰሩ ዓይኑን ከሞላው ግን ሕይወት የሚያተርፈው ዓይኑን ማውጣት ነው። ለሐኪሙም ለቤተሰቡም ከባዱ ንግግር ይህ ነው። «ዓይን የሌለው ልጅ ይዤ ልመለስ?» ብሎ ልጁን ታቅፎ የሚወጣ ወላጅ አለ፤ ከወራት በኋላ የሚመለሰው ዓይኑ ወደ ውጭ ተገፍቶ ነው። ጠበል የሚያስጠምቅ ቤተሰብ ጠበሉን እንዲተው መጫን አያስፈልግም፤ ቀጠሮውን እንዳይተው ነው መለመን ያለበት። ቁስሉ ሲሽር ሰው ሠራሽ ዓይን ይገባል፤ ልጁም በጤነኛው ዓይኑ እያየ ይማራል፣ ኳስ ይጫወታል። ይህን ከሐኪም ይልቅ በዚያው መንገድ ያለፈ ወላጅ ሲናገረው ይበልጥ ይታመናል። በአዲስ አበባ ወላጆች ያቋቋሙት ተስፋ አዲስ ማኅበር ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚ ሕፃናት ቤተሰቦች ማረፊያ መስጠቱም ቀጠሮ እንዳይቋረጥ ትልቅ እገዛ ነው።

በአገራችን ሕፃናት በ9 እና በ15 ወራቸው ለኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። ክትባቱን የምትሰጠው ነርስ በዚያው አጋጣሚ ሁለቱን ብሌኖች በመብራት ብታይና እናትየዋን «ዓይኑ ላይ ያየሽው ነገር አለ?» ብላ ብትጠይቅ የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ጥርጣሬ ያለበትን ልጅ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ዓይን ሐኪም መላክ ይቻላል።

ከታማሚዎቹ በአርባ በመቶ ያህሉ ላይ ችግሩ በዘር የሚተላለፍ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ዓይኖች ሲያዙ ደግሞ ይህ እርግጥ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የታማሚው ወንድሞችና እህቶች፣ አዲስ የሚወለደው ሕፃን ጭምር፣ ዓይናቸው በጊዜ መታየት አለበት። የዘር ዓይነቱ የነበረበት የዳነ ልጅም በጉርምስናው በአጥንት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከሌሎች ከፍ ያለ ነው፤ እግሩን ወይም ክንዱን እያመመው ከሰነበተ የሚያየው ሐኪም ሁሉ ይህን ታሪኩን ሊያውቅ ይገባል።