ካያክ፤ ጀልባው እንደ ውኃው

ካያክ የሚለው ስም በስፖርት ዜና ላይ ሲነበብ ብዙዎቻችን ጀልባ ሁሉ አንድ ነው ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን ካያክ የራሱ ጠባይ አለው። ቀዛፊው በጀልባው ሆድ ውስጥ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ፊቱን ወደሚሄድበት ያደርጋል፤ በሁለቱም ጫፍ መዳፍ ያለው አንድ መቅዘፊያ ይዞ ቀኝና ግራ እያፈራረቀ ይቀዝፋል። ዘመዱ ካኑ የሚቀዘፈው ግን ባለ አንድ መዳፍ መቅዘፊያ ሲሆን፣ በውድድር ጊዜ ቀዛፊው ይንበረከካል።

የካያክ የትውልድ አገሩ ግሪንላንድ፣ ሰሜን ካናዳና አላስካ ነው። የሠሩትም በቀድሞ መጻሕፍት እስኪሞ ይባሉ የነበሩት ኢኑይትና ዘመዶቻቸው ናቸው። በዚያ በረዶ አገር ለጀልባ የሚሆን ዛፍ ስለማይበቅል፣ አጽሙን ባሕር ገፍቶ ከሚያመጣው እንጨትና ከአጥንት ያበጁ፣ በጠፍር ያስሩ፣ በመጨረሻም በአቆስጣ ቁርበት ይለብጡት ነበር። (አቆስጣ በኦሪት ዘጸአት ቁርበቱ ለድንኳኑ መሸፈኛ ሆኖ የምናነበው ነው።) የግሪንላንዱ ሠሪ ጀልባውን የሚለካው በገዛ ገላው ነበር፤ ርዝመቱ ክንዱ ተዘርግቶ ሦስት ጊዜ ያህል፣ ስፋቱ ደግሞ የዳሌው ልክ ትንሽ ተጨምሮበት። የጓደኛን ኮት ተውሰን ግብዣ መሄድ ለለመድን ለእኛ ይህ አስቸጋሪ ሕግ ነው።

በልክ መሰፋቱ ግን ለጌጥ አልነበረም። አዳኙ ብቻውን ወጥቶ አቆስጣውን በጦር ሲወጋ ጀልባው ሊገለበጥ ይችላል፤ ውኃው ደግሞ ለመቀዝቀዝ አንድ ሐሙስ የቀረው ነው። በዚያ ውኃ ውስጥ ዋና ማወቅ ብዙ አይረዳም፤ ክንድና እግር በደቂቃዎች ውስጥ ይደነዝዛሉ። ስለዚህ አዳኙ የቁርበት ልብሱን በጀልባው አፍ ዙሪያ አጥብቆ ያስርና ከጀልባው ጋር አንድ አካል ይሆናል። ሲገለበጥም ከውስጡ ሳይወጣ በመቅዘፊያው ውኃውን ገፍቶ ተመልሶ ይቀናል። ዘዴው ያለው በክንድ ኃይል ላይ ሳይሆን በዳሌ ላይ ነው፤ በመጀመሪያ ጀልባው በዳሌና በጉልበት ይገለበጣል፣ ቀጥሎ ገላ ይከተላል፣ ራስ ከሁሉ በኋላ ይወጣል። ጀማሪ ሁሉ አየር ለማግኘት ቸኩሎ ራሱን አስቀድሞ ያነሣል፤ ያ ክብደትም ጀልባውን መልሶ ይደፋዋል። ከውኃ በታች ሆኖ መታገሥ ቀላል ትምህርት አይደለም።

ይህን ዘዴ ከአውሮጳውያን መካከል በመጀመሪያ የቻለው ኤዲ ሐንስ ፓውላታ የተባለ ኦስትሪያዊ ሲሆን፣ ዓመቱም 1927 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። አስተማሪ አልነበረውም፤ ተጓዦች ስለ ግሪንላንድ የጻፉትን እያነበበ በሐይቅ ላይ ሞከረው። መጽሐፍ ከማገላበጥ በቀር ምን ታውቃላችሁ ለሚሉን የሌላ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን ይህን ምሳሌ እናቀርባለን።

ካያክን በአውሮጳ ለብዙ ሰው ያደረሰው ሥራም ከተማሪ እጅ ወጣ። አልፍሬድ ሆይሪኽ የተባለ የሙኒክ የሥነ ሕንፃ ተማሪ በ1905 የሚታጠፍ ካያክ ሠራ፤ የእንጨት አጽሙ ይፈታታል፣ የጨርቅ ልብሱ ይጠቀለላል፣ ሁሉም በከረጢት ሆኖ በባቡር ይጫናል። ዮሐን ክሌፐር የተባለ ልብስ ሰፊ በ1907 የመሥራቱን መብት ገዝቶ በፋብሪካ ያወጣው ጀመር። በዚህ ዓይነት ጀልባ በ1956 ሐነስ ሊንደማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ከካናሪ ደሴቶች ተነሥቶ አትላንቲክን በ72 ቀን ብቻውን ተሻገረ።

ወደ ዓይነቶቹ ስንመጣ፣ አንድ ነገር ከያዝን ሌላው ሁሉ ይከተላል፤ ይኸውም ረጅም ጀልባ ቀጥ ብሎ ይፈጥናል እንጂ መዞር አይወድም፣ አጭር ጀልባ ቶሎ ይዞራል እንጂ ሩቅ መንገድ ያደክማል። የባሕሩ ካያክ 5 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውና ጠባብ ነው፤ ስንቅና ድንኳን የሚያዝበት ውኃ የማይገባው ክፍልም አለው። የወንዙ ካያክ ደግሞ ከ3 ሜትር ያነሰ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ላይ የተቆለመሙ ነው፤ ከድንጋይ ጋር ስለሚጋጭ ከ1970ዎቹ ወዲህ በጠንካራ ፕላስቲክ ይሠራል። የውድድሩ ባለ አንድ ሰው ካያክ 5 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው፤ ክብደቱ 12 ኪሎ ብቻ ነው። እንደ ምላጭ የቀጠነ ስለሆነ ጀማሪ ቢቀመጥበት ሳይቀዝፍ ይገለበጣል። በኦሊምፒክ ካያክ በይፋ የገባው በ1936 በበርሊን ሲሆን፣ የሚታጠፉት ጀልባዎችም በዚያ ዓመት ብቻ ተወዳድረዋል።

የቀረው ከላዩ የሚቀመጡበት ካያክ ነው። ይህ ሆዱ የተደፈነ ስለሆነ ውኃ አይሞላውም፤ ቀዛፊው ቢወድቅም ዋኝቶ ይወጣበታል። ለእኛ ሰው ይህ አዲስ ነገር ሊሆን አይገባም፤ የጣናው ታንኳም ከደንገል ታስሮ የሚንሳፈፈው በዚሁ ሥርዓት ነውና። ልዩነቱ ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ከሥራ በኋላ ከዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ፕላስቲኩ ግን ይህን አይጠይቅም። በእኔ አስተያየት ለጀማሪ የሚሻለው ይኸው ነው፤ ስፖርተኛ መስሎ ለመታየት ብሎ በጠባቡ የሚጀምር ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው ውኃ ሲጠጣ ነው።

ካያክ አገራችንንም ያውቃታል። በ1972 እንግሊዛውያን ቀዛፊዎች በዓባይ ሸለቆ በካያክ ወርደዋል። በ2004 ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከዓባይ ምንጭ ተነሥተው፣ አንዱ በአየር በሚነፋ ጀልባ ሌላው በካያክ፣ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው በ114 ቀን ሜዲቴራኒያን ባሕር ደርሰዋል። ይህ ግን የጀማሪ መንገድ አይደለም።

መሞከር የሚፈልግ ተማሪ ቢኖር በሐይቅ ይጀምር፤ ጫሞ የአዞ ቤት መሆኑን፣ ጣና ጉማሬ እንዳለበት አይርሳ። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ጧት ይውጣ፤ የመንሳፈፊያ ሰደርያውንም ከውኃው ዳር ሳለ ይልበስ። አፉ በጨርቅ በሚዘጋው ካያክ የሚገባ ከሆነ፣ ጨርቁን ሲገጥም ከፊት ያለችው መጎተቻ ማሠሪያ ወደ ውጭ መውጣቷን በእጁ ዳስሶ ያረጋግጥ። ጀልባው ቢገለበጥ ጨርቁ የሚፈታው እርስዋን በመጎተት ነው፤ ወደ ውስጥ ታጥፋ ከገባች ከውኃ በታች ሆኖ መፈለግ አስቸጋሪ ነው።