ጉዲፈቻ፤ የወዳጅን ልጅ ተቀብሎ የማሳደግ ሥርዓትና ወጪው

«ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ የገባ ነው። በኦሮምኛ «ጉዲሱ» ማለት ማሳደግ ሲሆን፥ «ጉዲፈቹ» ሲባል ግን አድራጊው ሥራውን ለራሱ እንደሚያደርገው ስለሚያመለክት ትርጕሙ «ለራስ አድርጎ ማሳደግ» ይሆናል። በዚህም ሥርዓቱ ከማደጎ ይለያል። የማደጎ ልጅ በሰው ቤት በልቶና ለብሶ ያድጋል እንጂ በማደጉ ብቻ የአሳዳጊው ልጅ አይሆንም፤ የጉዲፈቻ ልጅ ግን እንደ ተወለደ ልጅ ይቈጠራል። ከ«ሞጋሳ»ም ጋር ሊምታታ አይገባውም፤ ሞጋሳ ሰዎችን በኅብረት ወደ ጎሣ የሚያስገባ ሲሆን፥ ጉዲፈቻ አንድን ልጅ ወደ አንድ ቤት ያስገባል። በአማራው አገር በቀድሞ ዘመን «የጡት ልጅ» ይባል የነበረው ልማድም ለዚህ ይቀርባል፤ ነገር ግን በዚያ ብዙ ጊዜ የሚገባው ሕፃን ሳይሆን የታላቅ ሰው ጥላ የሚሻ ጎልማሳ ነበር።

በጉዲፈቻ የሚሰጠው ልጅ ከማያውቁት ሰው ሳይሆን ከዘመድ፥ ከጎረቤት ወይም ከወዳጅ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ወዳጃቸው ማርገዟን ሲሰሙ፥ ወይም ከወለደች በኋላ፥ ሽማግሌ ይልካሉ። ጥያቄው በቀጥታ ከእናቲቱ ፊት አይቀርብም፤ እምቢታም ቢኖር ወዳጅነቱን እንዳያፈርስ ሽማግሌው በመካከል ይቆማል። ወላጆቹ ከፈቀዱ በአገር ሽማግሌዎች ፊት ቃል ይሰጣል፤ ምርቃት ይደረጋል፤ እንደ አገሩ ልማድም ከብት ይታረዳል። የግብዣው ዋና ጥቅም ምስክር ማብዛት ነው። ድግሱን የበላ ሰው ሁሉ «ይህ ልጅ የእገሌ ነው» ብሎ ይመሰክራልና።

ለልጁ ዋጋ አይከፈልም። ለወላጂቱ ልብስ ወይም ሌላ ስጦታ ቢሰጥ የምስጋና ምልክት ነው እንጂ የልጁ ልዋጭ አይደለም። ሆኖም ሥርዓቱ ወጪ የለውም ማለት አይቻልም። የመጀመሪያው ወጪ የእርዱና የግብዣው ነው፤ ይህ እንደ ቤቱ አቅም ይበዛል ወይም ያንሳል። ሁለተኛውና ከባዱ ወጪ የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ አሳዳጊው ልጁን ሲቀበል ሀብቱን ለማን እንደሚያወርስ ጭምር ወስኗል። ስለዚህ የጉዲፈቻ እውነተኛ ዋጋ የሚከፈለው ከአሳዳጊው ወንድሞችና እኅቶች ተስፋ ላይ ነው። ክርክሩም ዘወትር የሚነሣው አሳዳጊው ሲሞት የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው።

የጽሑፍ ሕግ ወደዚህ ጉዳይ የገባው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ክፍል ተክቶታል፤ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል፤ የኦሮሚያው በ1995 ዓ.ም. የወጣ ነው። በ1992ቱ ሕግ መሠረት ጉዲፈቻ በአሳዳጊውና በልጁ ሞግዚት መካከል የሚደረግ ውል ነው። አሳዳጊው ከ25 ዓመት ያላነሰ መሆን አለበት፤ ባልና ሚስት አብረው ሲያሳድጉ ግን የአንዱ ዕድሜ 25 መሙላቱ ይበቃል። ልጁ ከ18 ዓመት በታች መሆን ይገባዋል፤ በማሕፀን ያለም ሊሰጥ ይችላል። አባትና እናት በሕይወት ካሉና ከታወቁ ሁለቱም መፍቀድ አለባቸው። በ2010 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ደግሞ የውጭ አገር ዜጎች ልጅ በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ተከልክሏል።

ሕጉ ከልማዱ ጋር የሚስማማበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ልጁ ከወላጆቹ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም። በወዳጆች መካከል ለሚደረግ ጉዲፈቻ ይህ እጅግ ይጠቅማል። ወላጂቱ በአጥር ማዶ የምትኖር ስትሆን እናትነቷን መሰወር አያስፈልግምና። የሁለቱ ቤተሰቦች ፍላጎት በተጋጨ ጊዜ ግን የአሳዳጊው ቤተሰብ ይቀድማል።

ሕጉና ልማዱ የሚለያዩት በማረጋገጫው ላይ ነው። በልማድ የሽማግሌዎች ምስክርነት ይበቃል፤ በሕግ ግን በፍርድ ቤት ያልጸደቀ የጉዲፈቻ ውል ውጤት የለውም። ዳኛው ከማጽደቁ በፊት የልጁንና የሞግዚቱን ሐሳብ፥ የአሳዳጊውንም የማሳደግ ችሎታ ይመረምራል። አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ የያዘው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚያበላሽ መንገድ ያሳደገው እንደ ሆነ፥ አለዚያ የማይፈርሰው ውል በዳኛ ሊፈርስ ይችላል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅም ጉዲፈቻን ከሚመዘገቡት ኩነቶች ጋር ቈጥሮታል።

ይህ ሁሉ ውል ማጻፍን፥ ማስረጃ ማሰባሰብንና መመላለስን ይጠይቃል። ከእርዱ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ግን ለብዙ ቤት ትልቅ አይደለም። ነገር ግን ሽማግሌ ፊት ቃል የተቀበለ ሰው ልጁን ወደ ዳኛ መውሰድ ለወዳጁ አለማመን ይመስለዋልና ይተወዋል። ልጁ 20 ዓመት «አባዬ» ሲል ኖሮ አባቱ በሞተ ጊዜ፥ ያለ ኑዛዜ በሚደረግ ውርስ ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ እኩል የሚወርሱ ሲሆን፥ እርሱ ግን ልጅነቱን በወረቀት ማስረዳት ያቅተዋል። ድግሱን የበሉት ምስክሮችም እስከዚያ ሞተው ወይም ርቀው ይሆናል። ስለዚህ የፍርድ ቤቱ ማኅተም የሽማግሌውን ምርቃት የሚሽር ሳይሆን፥ ምርቃቱ ከሽማግሌው ዕድሜ በላይ እንዲቆይ የሚያደርግ ነው።