ከእንቁጣጣሽ እስከ ጥር 23፦ ለሰውነት የሚሆን የዘመን ስንቅ

ዐደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው፣ ደፍርሶ የከረመው ወንዝ መጥራት ሲጀምር፣ የሰውም ልብ አብሮ ይታደሳል። ያለፈውን ስንፍና ካለፈው ዘመን ጋር ለመሸኘት የማይመኝ የለም። ከምኞቶቹ መካከል በየዓመቱ የሚደጋገመው አንዱ ጤናን የሚመለከት ነው። «ዘንድሮ በየማለዳው እሮጣለሁ፤ ይህን ቦርጭ አጠፋለሁ» ይባላል። ደመራው ተለኩሶ መስቀል ሲያልፍ ግን የሩጫው ጫማ ከአልጋ ሥር ይገባል፤ ባለቤቱም «እኔ ለዚህ አልተፈጠርሁም» ብሎ በራሱ ላይ ይፈርዳል። ከተቋረጠው ሩጫ ይልቅ የሚጎዳው ይህ ፍርድ ነው፤ የከርሞውን ሙከራ አስቀድሞ ይገድላልና።

የአዊ ሰው ለዚህ ችግር የሚሆን ትምህርት ከደጁ አለው። በዓድዋ ጦርነት የተሠዉትን አርበኞችና የፈረሶቻቸውን ውለታ ለመዘከር በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። ዕለቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ነው፤ የዓድዋ ድል የተገኘበት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.ም እንዲሁ በ23 የዋለ ነበር። በዚያ በዓል ያጌጠ ፈረስ ሲጋልብ የሚያይ ተመልካች የሚያደንቀው የአንዱን ቀን ፍጥነት ነው። ፈረሰኛው ግን የሚያውቀው ሌላ ነገር አለ። ክረምቱን በመስክ የዋለ ፈረስ በአንድ ጀምበር ለጉግሥ አይወጣም። አስቀድሞ እርምጃ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ በመጨረሻም ግልቢያ ይሆናል። ዛሬ ቀስ ያለውን ሩጫ «ሶምሶማ» የምንለውም ቃሉን ከፈረስ ወስደን ነው። ለፈረሱ የምናደርገውን ርኅራኄ ለራሳችን ሰውነት መንፈግ ምን ይባላል?

ከመስከረም 1 እስከ ጥር 23 ያለው ጊዜ 142 ቀን ወይም ከ20 ሳምንት ጥቂት የሚበልጥ ነው። ይህን ለዕቅዳችን ወሰን እናድርገው። «ዓመቱን ሙሉ» የሚባለው ስእለት ጫፉ ስለማይታይ ያዝላል፤ የታወቀ ቀን ያለው ጉዞ ግን ይለካል።

ልኩስ ምን ያህል ይሁን? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ እንዲሁም ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ቢያንስ በሳምንት 2 ቀን ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው እየተራመዱ መነጋገር የሚቻልበት፣ ማዜም ግን የሚያስቸግርበት ፍጥነት ነው። «በቀን 10 ሺህ እርምጃ» የሚለው የታወቀ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1965 በጃፓን ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ መሣሪያ ስም የመጣ እንጂ የሐኪም ትእዛዝ ሆኖ የተነሣ አይደለም። ስለዚህ እርሱን አልሞላሁም ብሎ ማዘን አይገባም።

እንግዲህ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 10 ደቂቃ ብቻ ፈጠን ብሎ በመራመድ እንጀምር። በየሁለት ሳምንቱ 5 ደቂቃ ብንጨምር በዘጠነኛው ሳምንት 30 ደቂቃ፣ በሳምንት ሲደመርም 150 ደቂቃ እንደርሳለን። ይህ ትንሽ የሚመስል አጀማመር ምክንያት አለው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ አንድ አዲስ ተግባር ያለ ብዙ ትግል የሚፈጸም ልማድ ለመሆን በአማካይ 66 ቀን እንደፈጀ አሳይቷል። ለአንዳንዱ 18 ቀን የበቃ ሲሆን ለሌላው እስከ 254 ቀን ሊወስድ እንደሚችል ተገምቷል። አንድ ቀን መዝለልም ልማዱን እንዳላፈረሰው ታይቷል። መስከረም 1 የጀመረ ሰው 66ኛ ቀኑ ኅዳር 6 ላይ ይውላል፤ ወርኀ ጽጌ አልፎ ቁስቋም የሚከበርበት ዕለት ነው። እስከዚያ ድረስ ከራሳችን የምንጠይቀው ፍጥነትን ሳይሆን አለመቅረትን ይሁን።

ከቁስቋም እስከ ጥር 23 ደግሞ ልክ 11 ሳምንት ይቀራል። ጉልበቱ የፈቀደለት በዚህ ጊዜ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቀ፣ ሶምሶማውን በየሳምንቱ ጥቂት እያስረዘመ ቢሄድ በበዓሉ ሰሞን 20 ደቂቃ ሳያቋርጥ መሮጥ ለብዙዎች የሚደረስበት ግብ ነው። በዚህ መካከል ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ጾመኛ ከባዱን እንቅስቃሴ ወደ ማታ፣ ምግብና ውኃ ወደሚገኝበት ሰዓት ቢያስጠጋው፣ ማለዳውን ለቀላል እርምጃ ቢተወው ይበጀዋል።

አገሩንም ማየት ያስፈልጋል። እንጅባራ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት፤ ከጃዊ ቆላ ወደዚያ የወጣ ሰው አየሩ እስኪስማማው ድረስ ቢያለከልክ ደካማ ሆኖ አይደለም። በአዊ ዝናቡ መስከረም ሲጠባ ፈጥኖ አይወጣምና፣ የዳንግላም ሆነ የእንጅባራ ነዋሪ ለዝናብ ቀን በቤቱ የሚሠራውን አስቀድሞ ይወስን፤ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ ክንድን ማሠራት ይበቃል። ፀሐይ የወጣለት ቀን ደግሞ የዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ይጠብቀዋል።

ይህ ምክር ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ተቀምጦ የሚውለውን የቢሮ ሠራተኛ፣ ባለሱቅ፣ ሾፌርና ተማሪ ነው። ሞፈር ቀንበር ተሸክሞ የሚውል ገበሬ በሥራው ላይ በቂ እንቅስቃሴ አለው። ውኃና እንጨት ከሩቅ የምታመጣ እናትም ተጨማሪ ሩጫ አያስፈልጋትም፤ ለእርሷ የዘመኑ ግብ ሸክሟን የሚጋራ ልጅና ባል፣ የሚያሳርፍ ሰዓት ቢሆን እንወዳለን።

ግቡ በእጃችን ያለ ይሁን። «10 ኪሎ እቀንሳለሁ» ብሎ የተነሣ ሰው ሚዛኑ እንቢ ሲለው ይተወዋል፤ «በሳምንት 5 ቀን እራመዳለሁ» ያለው ግን በየቀኑ በቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት ማድረግ ይችላል። ሚዛኑ ባይቀንስም እንቅስቃሴው ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ መከላከያ ይጠቅመዋል። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሶምሶማ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር፤ ደረቱን የወጋው ወይም ያዞረው ሁሉ ወዲያው ያቁምና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

በመጨረሻም ፈረሰኞቹ ማኅበር ያላቸው በከንቱ አይደለም። ብቻውን የተነሣ ሰው በብርዱ ማለዳ ከአልጋው ጋር ይከራከራል፤ ጎረቤቱ ከደጅ ቆሞ የሚጠብቀው ግን ተነሥቶ ይወጣል። ስለዚህ በዚህ በዓል ቡና ላይ ስንሰበሰብ አንድ የእርምጃ ባልንጀራ እንምረጥ፤ ሰዓቱንና መንገዱንም ሳንለያይ እንቁረጥ። ነገ ማለዳ 10 ደቂቃ፤ ከዚያ የሚበልጠውን ዘመኑ ራሱ ይጨምርልናል።

ለአንባቢያን ሁሉ መልካም አዲስ ዓመት፤ ዘመኑን በጤና ያስፈጽመን።