ምርጫና ልክ፦ በአንድ ክፍል ውስጥ ስላሉ የተለያዩ ተማሪዎች

ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ አንድ ዓይነት የቤት ሥራ መስጠት ፍትሐዊ ይመስላል። በላስ ቬጋስ አማርኛ ለሚማሩ ልጆቻችን ግን አይበጅም። የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ሰፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመበት በዚህ ከተማ፣ ፊደል ያልቆጠረ የአሜሪካ ተወላጅ፣ አገር ቤት ስድስተኛ ክፍል ደርሶ የመጣና አማርኛ እየሰማ በእንግሊዝኛ የሚመልስ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ብዙ ወላጆች በካዚኖና በታክሲ የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠሩም፣ ማታ የሚያስጠና አዋቂ ሁልጊዜ አይገኝም።

ካሮል አን ቶምሊንሰን የተባሉት አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ አስተማሪ የትምህርቱን ይዘት፣ ሂደትና ውጤት እንደ ተማሪው ዝግጁነትና ዝንባሌ እንዲለይ ይመክራሉ። አሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት አንዱ የሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ሲቆጥር፣ ባልንጀራው የስምንት ቤቱን መወድስ ይቆጥራል፤ የኔታ የሁሉንም እንደየደረጃው ያርማሉ። ተማሪው ሙያውን መርጦ ድጓ ለመማር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ ለመማር ወደ ዙር አምባ ይሄድ ነበር። ይሁን እንጂ ቤት የማይመታ ቅኔ ለማንም አይታለፍም። (ዱላውን ግን ማንም እንዲናፍቅ አንሻም።) የዚህ ተቃራኒ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ነበር፤ ሥርጭቱ በሳተላይት ለሁሉም በአንድ ፍጥነት ስለሚፈስ፣ ያልገባው ተማሪ ቢኖር አስተማሪው ሊያቆመው አይችልም ነበር።

በእኛ ክፍል ርእሱን አንድ፣ ሥራውን ሦስት ማድረግን መርጠናል። ርእሱ «ቡና» ቢሆን፣ ፊደል ጀማሪው ጀበና፣ ሲኒ፣ ረከቦት፣ ሙቀጫ ብሎ ይጽፋል፤ ሁለተኛው አያቱን በስልክ ጠይቆ የሰማውን በቃሉ ያቀርባል፤ ሦስተኛው አንድ ገጽ ድርሰት ያዘጋጃል። ከሦስቱ የትኛውን እንደሚሠራ ልጁ ራሱ ይመርጣል።

አደጋው ከዚሁ ምርጫ ይመነጫል። መናገር የሚቀናው ልጅ ዘወትር መናገርን ከመረጠ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ስሙን እንኳ በፊደሉ መጻፍ ላይችል ነው። አንዲት እናት «ለልጄ ለምን ያነሰ ሥራ ተሰጠው?» ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነበር። ስለዚህ ማንም ተማሪ አንዱን ዓይነት ሥራ ከሁለት ሳምንት በላይ በተከታታይ እንዳይመርጥ ወስነናል፤ ለወላጆችም የልጃቸውን ብቻ ሳይሆን የሦስቱንም ደረጃ ሥራ አብረን እንልካለን።