ሰማያዊው ሽቦ

ተሳቢ ሲባል ለእኛ አገር ሰው ቀድሞ የሚታየው ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ከባድ መኪና ነው። የእሱ ተሳቢ በታመቀ አየር ይቆማል፤ የአየር ቱቦው ድንገት ቢበጠስ ፍሬኑ ራሱ ይይዛል። በአሜሪካ ፒካፕ የሚጎትተው ካምፐር፣ አልጋና ምድጃ ያለው ባለ ጎማ ቤት፣ ጠባዩ የዚህ ተቃራኒ ነው። ኤሌክትሪክ ካልደረሰው ፍሬን የለውም።

ካምፐር ሁለት ሦስት ቶን መመዘኑ የተለመደ ነው። ይህን ያህል ክብደት ቁልቁለት ላይ ከኋላ ሲገፋ የፒካፑ ፍሬን ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ ብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ከ3,000 ፓውንድ፣ ማለትም ከ1,360 ኪሎ ግራም ገደማ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው በሕግ ያስገድዳሉ። ካሊፎርኒያ ለካምፐር ከ1,500 ፓውንድ ይጀምራል።

አሠራሩ ብልሃት አለው። በእያንዳንዱ ጎማ ታምቡር ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሮማግኔት ተቀምጧል። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው የሚዞረው ታምቡር ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፤ ታምቡሩም እየዞረ ይጎትተዋል። ማግኔቱ የተያዘው በዘንግ ጫፍ ላይ ስለሆነ ዘንጉ ይዘምምና የፍሬን ሸራዎቹን ይከፍታቸዋል። ሸራውን የሚጫነው እንግዲህ የጎማው የራሱ ጉልበት ነው፤ ኤሌክትሪኩ የሚያስጀምረው ብቻ ነው። ለአንድ ጎማ 3 አምፔር ገደማ፣ ለአራት ጎማ 12 አምፔር ይበቃል።

ይህን ኤሌክትሪክ የሚመጥነው ከመሪው በታች የሚታሰር መቆጣጠሪያ ነው። አራት ሽቦ አለው። ጥቁሩ በ20 አምፔር መከላከያ በኩል ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ነጩ ከኔጌቲቭ፣ ቀዩ ከፍሬን ፔዳሉ የመብራት ማብሪያ ጋር ይገናኛል። ሰማያዊው ወደ ኋላ ተዘርግቶ ተሳቢው የሚሰካበት ባለ ሰባት እግር ሶኬት ላይ ይደርሳል። ርካሾቹ መቆጣጠሪያዎች ፔዳሉ ሲረገጥ አስቀድሞ የተሞላላቸውን መጠን ብቻ ይልካሉ። የተሻሉት ግን መኪናው ምን ያህል እየቀነሰ እንደሆነ ተሰምቷቸው በዚያው ልክ ይልካሉ። ልዩነቱ በእርጥብ መንገድ ላይ ይታወቃል፤ ገንዘብ የሚቆጠበው እዚህ ላይ መሆን የለበትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሶኬቱ ላይ ነው። ሁለት የቀለም ልማድ አለ። በተራ ተሳቢዎች ቡናማው የኋላ መብራት፣ አረንጓዴው የቀኝ ፍሬቻ ነው። በካምፐሮች ልማድ ደግሞ አረንጓዴው የኋላ መብራት፣ ቡናማው የቀኝ ፍሬቻ ይሆናል። ቀለም ከቀለም አገናኝቶ የሄደ ሰው መብራት ሲያበራ ፍሬቻ ይበራበታል። በሁለቱም ልማድ ሰማያዊው ፍሬን፣ ነጩ ኔጌቲቭ ነው። ለቀሩት ግን እያንዳንዱን የሶኬት እግር በመፈተሻ አምፖል ማረጋገጥ እንጂ ቀለም ማመን አይገባም።

ነጩን ሽቦ ችላ የሚሉ አሉ፤ መጎተቻው ብረት ስለሆነ ኤሌክትሪኩ በእሱ በኩል ይመለሳል ብለው። ቅባትና ዝገት ባለበት ብረት ላይ መተማመን አይቻልም። ነጩ ሽቦ ከሰማያዊው ባልቀጠነ ውፍረት፣ ከተፋቀ ንጹሕ ብረት ጋር ጠብቆ መታሰር አለበት።

ካምፐሩ ከነሶኬቱ ከመኪናው ቢላቀቅስ? ለዚህ በራሱ ላይ ባትሪና በቀጭን ገመድ ከፒካፑ ጋር የታሰረች ፒን አለችው። ገመዱ ፒኗን ሲመዛት ባትሪው ማግኔቶቹን ሙሉ በሙሉ ያስነሳል። ባትሪው የሞተ ከሆነ ግን ፒኗ ብትመዘዝም ምንም አይዝም።

እባክዎ ጉዞ ከመጀመርዎ በፊት በዚያች ባትሪ ላይ ቮልት ይለኩ። ከዚያ ደረቅና ሜዳ ቦታ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየነዱ የመቆጣጠሪያውን የእጅ ማንሻ ብቻ ይጫኑ። የካምፐሩ ጎማዎች ሳይቆለፉ መኪናውን ወደ ኋላ ሲይዙት ከተሰማዎ፣ ሽቦው በትክክል ተዘርግቷል።