ስለ እግር ሹራብ አሠራርና ስለ ጎጃም ቀይ አፈር

በክረምት መግቢያ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ከምትገኝ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ለማስቀደስ ደርሰን ነበር። ሕዝቡ ጫማውን ከቅጽሩ በር እያወለቀ ሲገባ፥ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ብቻቸውን ከውጭ በዛፍ ሥር ቆመው ቀሩ። ሁለቱም እግሮቻቸው ከጕልበት በታች አብጠዋል፤ በእግራቸው ላይ ግን በልካቸው የተሠራ ደኅና ጫማ አለ። ከቅዳሴ በኋላ ቀርበን እጅ ከነሣን ዘንድ ስለ ምን ወደ ውስጥ እንዳልገቡ ብንጠይቃቸው እንዲህ አሉን፦

«ልጆቼ፥ በጫማ እንዳልገባ የእግዚአብሔር ደጅ ነው። በባዶ እግሬ እንዳልገባ ይህ ጭቃ ከነካኝ ሌሊቱን ሲያቃጥለኝ ያድራል። ስለዚህ ከዚሁ ቆሜ እሰማለሁ።»

«ካልሲ አድርገው ቢገቡሳ?» አልናቸው።

ሣቅ ብለው፥ «የሚገባኝ የታለና!» ሲሉ መለሱልን።

ስለ እግር ሹራብ ለመጻፍ ያነሣሣን ይህ መልስ ነው። ካልሲ ከገበያ በርካሽ የሚገዛ፥ ሲቀደድም የሚጣል ጥቂት ነገር ስለ ሆነ፥ አሠራሩን መመርመር ለአንዳንድ አንባብያን የትርፍ ጊዜ ሥራ ይመስላቸው ይሆናል። ለእኒያ እናት ግን በልክ የተሠራ አንድ ጥንድ ካልሲ ከቅጽሩ ውጭ በመቆምና ከምእመናን ጋራ በመቆም መካከል ያለው ልዩነት ነው።

አስቀድሞ ስለ አፈሩ መናገር ያስፈልጋል። የጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ቀይ አፈር በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ ከወጣው ድንጋይ መፈራረስ የተገኘ ነው። ለበቆሎውም ለበርበሬውም የሚስማማ ደግ አፈር ስለ ሆነ ባላገሩ ይወደዋል። ነገር ግን በውስጡ ካለው እጅግ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ ከፊሉ፥ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግሩ በሚሄድ ሰው ላይ በቆዳው አልፎ ይገባል። ከገባም በኋላ ከሥጋችን የተረፈውን ፈሳሽ ወደ ደም የሚመልሱትን፥ ሐኪሞች ሊምፍ የሚሏቸውን ቀጫጭን ቧንቧዎች እያስቈጣ ቀስ በቀስ ይዘጋቸዋል። ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግሩ ያብጣል፤ ቆዳው ይሻክራል፤ ኋላም ይጠጥራል። ይህን ምሥጢር በብዙ ድካም የገለጠው በአገራችን ያገለገለው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በባዶ እግር ከሚሄዱ ሰዎች የሊምፍ ዕጢ ውስጥ የአፈሩን ማዕድን አግኝቷል። ለበሽታውም እግርና ትቢያ ከሚሉት የግሪክ ቃላት ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም አውጥቶለታል። በቆላ አገር በትንኝ የሚተላለፈው ዝሆኔ ሌላ ነው፤ የእኛ ደጋ ዝሆኔ ግን ከሰው ወደ ሰው ፈጽሞ አይተላለፍም።

ይህን የመጨረሻውን ቃል አንባብያን ደግመው እንዲያነቡት እንለምናለን። ምክንያቱም በየመንደሩ «ከዘራቸው ነው»፥ «እርግማን ነው» እየተባለ ጋብቻ የተከለከሉ፥ ከማኅበር የተለዩ ብዙዎች ናቸው። በሽታው ከአንድ ቤተሰብ ብዙ ሰው መያዙ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘር ጥናት እንዳሳየው፥ አንዳንድ ሰዎች የሰውነታቸው መከላከያ ለአፈሩ ብናኝ ይበልጥ እንዲቈጣ የሚያደርግ ጠባይ ይወርሳሉ። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ ነው። ከዚያ ቤት የተወለደ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እግሩ ከአፈር ከተጠበቀ አይታመምም። በደምበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ተደርጎ በዚያው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት፥ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሰዎች መካከል 3.3 ከመቶው በዚህ ሕመም እንደ ተያዙ ገልጧል። በአገሪቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. በ2015 የታመሙት ዐዋቂዎች 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደ ሆኑ ተገምቷል። እንግዲህ በጎጃም ከሚገኝ ከማናቸውም ትልቅ ደብር ቅጽር ውጭ አንድ ሰው በዛፍ ሥር ቆሞ ቢገኝ አያስደንቅም።

ታዲያ ካልሲው ምን ያደርጋል? ብዙ ሰው ጫማ ብቻውን ይበቃል ብሎ ያስባል፤ እኛም ቀድሞ እንዲሁ ይመስለን ነበር። ነገር ግን በገጠር የሚደረገው የፕላስቲክ ጫማ በፀሐይ ይግላል፥ ላብ አይጠጣም፥ ጠርዙም ይፈገፍጋል። ያበጠ እግር ደግሞ ቆዳው እንደ ደረቀ ብራና ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ቍስል፥ በቍስሉም ተባይ ገብቶ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኵሳትና ብርቱ ሕመም ያመጣል። የታመመው ሰው በእንዲህ ያለው ጥቃት ለብዙ ቀናት ከአልጋ ይውላል፤ እርሻውም ይስተጓጐላል። ስለዚህ በጫማውና በቆዳው መካከል ፍትጊያውን የሚቀበል፥ ላቡን የሚጠጣ፥ ለስላሳ ነገር ያስፈልጋል። በምሥራቅ ጎጃም በአነደድ ወረዳ በ696 ሕሙማን ላይ አንድ ዓመት የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ሙከራም፥ እግርን በሳሙና መታጠብን፥ ቅባት መቀባትን፥ በፋሻ መጠቅለልን፥ እግርን ማንቀሳቀስን፥ ካልሲና ጫማ ማድረግን አንድ ላይ ያስተማረ ነበር። ይህን ያደረጉት ሰዎች በዓመት የሚደርስባቸው ጥቃት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲሆን፥ ያላደረጉት ግን 23.9 ጊዜ ታመዋል። ከአምስቱ ጥቃት አንዱ ቀረ ማለት ነው። ለሳሙና፥ ለቫዝሊንና ለካልሲ ይህ ትንሽ ውጤት አይደለም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። የሰው እግር እያንዳንዱ 26 አጥንት አለው። ቆመን ሳለን ከክብደታችን ከግማሽ የሚበልጠውን ተረከዝ ይሸከማል፤ የቀረውን አብዛኛውን ከጣቶች ሥር ያለው ሰፊው የውስጥ እግር ይቀበላል፤ መካከሉ ጥቂት ብቻ ይነካል። እግዚአብሔር በተረከዛችን ሥር ስብ አንጥፎልናል፤ ነገር ግን ዕድሜ ሲገፋ ይህ ምንጣፍ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሽማግሌዎቻችን በማሕሌት ተረከዛቸውን የሚያማቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ጥሩ ካልሲ ሁለንተናው የወፈረ አይደለም። ሁሉ ከወፈረ ጫማው ይጠብባል፥ እግሩም ይታፈናል። መወፈር የሚገባው በተረከዝና ከጣቶች ሥር ሲሆን፥ የእግሩ ጀርባ ግን ሳስቶ አየር ማሳለፍ አለበት። ውፍረቱም የሚገኘው ክሩን በማጥበቅ አይደለም፤ በውስጥ በኩል እንደ ፎጣ ፊት ቀለበት ቀለበት የሆነ ክር በመተው ነው። ይህ ቀለበት ሲረገጥ ይተኛል፥ ሲነሣ ይቆማል፤ እግሩም ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት በቆዳው ፈንታ ክሩ ይፈተጋል። በእጅ የምትሠራ እናት ቀለበቱን ማውጣት ቢያስቸግራት፥ በተረከዙና በውስጥ እግሩ ላይ ሁለት ክር አጣምራ ብትሠራ ብዙም አትሳሳትም።

ሁለተኛው ነገር ስፌቱ ነው። በፋብሪካ ከሚሠሩት ርካሽ ካልሲዎች የብዙዎቹ ጫፍ በጣቶች ላይ ወፍራም ስፌት አለው። ጤነኛ ሰው አይሰማው ይሆናል፤ ነገር ግን የስኳር በሽታ ያለባቸው ብዙዎች እግራቸው ስለሚደነዝዝ ስፌቱ ቆዳቸውን እስኪበላ ድረስ ሳያውቁት ይውላሉ። ለእነርሱ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ካልሲ ይሻላል፤ ከቍስል የወጣ ደም ወዲያው ይታያልና። ስፌት የሌለው ባይገኝ ካልሲውን ገልብጦ፥ ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጎ ማጥለቅ ይቻላል። ሰው ቢሥቅብን ይሣቅ።

ሦስተኛው አንገቱ ነው። የካልሲ ላስቲክ በእግር ላይ ቀለበት የመሰለ ምልክት ትቶ ካደረ፥ ያ ካልሲ ለሽማግሌም ለነፍሰ ጡርም አይሆንም፤ ላበጠ እግርማ ጉዳት ነው። አንገቱ ሰፊ፥ የሚለጠጥ፥ ሳይጫን የሚቆም መሆን አለበት። እግርን አጥብቆ ፈሳሹን ወደ ላይ የሚገፋ ልዩ ካልሲና ፋሻ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህን ያለ ሐኪም ምክር በገዛ እጅ ማጥበቅ አደጋ አለው።

ስለ ክሩም ጥቂት እንበል። ጥጥ ለስላሳና በቀላሉ የሚታጠብ ነው፤ ነገር ግን ላቡን ጠጥቶ ይይዛል፥ ሲርስም ይተኛና መፈተግ ይጀምራል። የበግ ጠጕር ከክብደቱ ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ ደረቅ ይመስላል፥ ተረግጦም ቶሎ ይነሣል። ብቻውን ግን ፈጥኖ ይበላል፤ ስለዚህ ጥቂት ናይሎን ቢጨመርበት ዕድሜው ይረዝማል። ሙሉ በሙሉ ናይሎን የሆነው፥ የሚያብለጨልጨው ካልሲ ለዓይን ያምር እንደ ሆነ እንጂ ለእግር አይመከርም።

ይህ ጥበብ በክርስቲያኖች ዘንድ አዲስ አለመሆኑን ስናውቅ ደስ ብሎናል። ከግብጽ ምድር፥ ከጥንቷ ኦክሲሪንኩስ ከተማ የተገኙ፥ ከ1,500 ዓመት በላይ የሆናቸው የጠጕር ካልሲዎች ዛሬ በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይታያሉ። በነጠላ ጫማ እንዲጠለቁ ጫፋቸው ለሁለት ተከፍሎ የተሠሩ ናቸው፤ አውራ ጣት ለብቻው፥ አራቱ ጣቶች ለብቻቸው ይገባሉ። ያን የሠራው ሰው አስቀድሞ ጫማውን አይቷል። የዛሬ ነጋዴ ግን ካልሲውን ለብቻ፥ ጫማውን ለብቻ ይሸጥልናል፤ እኛም ሁለቱን ሳናስማማ እንገዛለን። ወፍራም ካልሲ የሚያደርግ ሰው ጫማ ሲገዛ ካልሲውን አድርጎ መለካት ይገባዋል፤ ያለዚያ ምቾት የተባለው ራሱ ጥበት ይሆንበታል።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንመለስ። ሙሴ በኮሬብ እንደ ታዘዘው ጫማችንን አውልቀን በተቀደሰው ስፍራ እንቆማለን፤ ይህን ሥርዓት ማንም እንዲለውጠው አንሻም። በካልሲ መቆም ግን በየአድባራቱ የምናየው የተለመደ ነገር ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ከቅጽሩ በር እስከ ቤተ መቅደሱ ያለው መንገድ በብዙ ገጠር ያው ቀይ አፈር ነው። ካልሲ ደቃቁን ብናኝ ሙሉ በሙሉ አያግድም፤ ጭቃውንማ ይጠጣዋል። ያንኑ ካልሲ በጫማ ውስጥ መልሶ ማጥለቅ አፈሩን ከእግር ጋራ አሥሮ ወደ ቤት መውሰድ ይሆናል። ስለዚህ የታመመ ሰው ሁለት ጥንድ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ለመንገድ፥ አንዱ ለቤተ ክርስቲያን። የቤተ ክርስቲያኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ መምጣት፥ ሲወጣም ቀይሮ፥ ከቤት ሲደርስ እግሩን በሳሙና ታጥቦ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ማድረቅ ነው። ይህም ሆኖ ጭቃ በሚበዛበት በክረምት ከበሩ እስከ ደጀ ሰላም ጥቂት ጠፍጣፋ ድንጋይ የሚያነጥፍ የሰበካ ጉባኤ ቢገኝ፥ ከብዙ ጥንድ ካልሲ የበለጠ ሥራ በሠራ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን በልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽኗ በኩል ከዓለም አቀፍ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች በጎ አድራጎት ድርጅት ጋራ በጎጃም ለእነዚህ ሕሙማን ደክማለች። ድንጋዩን ማንጠፍ ግን የአጥቢያው ፈንታ ነው።

እኒያን እናት በማግሥቱ ከቤታቸው ሄደን ጠየቅናቸው። ላበጠ እግር በቍጥር የሚለካ ካልሲ በገበያ የለምና በክር ለካን፤ በቤት የሚሞክር ካለ አሠራሩ እንዲህ ነው። እግር ሲውል ስለሚያብጥ ልኩ የሚወሰደው ወደ ማታ ነው። አንድ ረጅም የጥጥ ክር ተይዞ ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት፥ ቀጥሎ በእግር ጀርባ ዙሪያ፥ ቀጥሎ በቍርጭምጭሚት፥ መጨረሻም በባት ዙሪያ ይለካል፤ ልኩ በደረሰበት ሁሉ ቋጠሮ ይታሠራል። ለቀኝ አንድ ክር፥ ለግራ ሌላ ክር፤ ሁለቱ እግሮች እኩል አብጠው አይገኙምና። የቀኙ እንዳይምታታ በቀይ ክር ምልክት አደረግንበት።

ክሮቹን በፍኖተ ሰላም የተማሪ ሹራብ በእጅ መኪና ለምትሠራ አንዲት ሴት ወስደን ሰጠናት። ቋጠሮውን አንድ በአንድ በጣቷ እየቈጠረች ካየች በኋላ፥ የባቱ ልክ በመኪናዋ ስለማይወጣ በመርፌ በእጅ እንደምትሠራው ነገረችን። ሁለት ጥንድ መሆኑንም ስንነግራት ስለ ምን ሁለት እንደ ሆነ ጠየቀችን፤ ነገርናት። ለፍልሰታ ጾም መግቢያ አደርሳለሁ ብላለች።